የወንዶች የአእምሮ ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ወንዶች ራሳቸው፣ እንዲሁም ሚስቶቻቸው፣ እህቶቻቸውና ጓደኞቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አሁን ሕይወቱን ለማጥፋት እያሰበ ያለ ሰው ካለ ከላይ ጀምሮ ማንበብ አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ 9ኛው ጥያቄ ይሂዱ።

1. ድባቴ የሴቶች ሕመም አይደለም እንዴ?

አይደለም። ተመርምረው ድባቴ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ሴቶቹ የወንዶቹን እጥፍ ያህላሉ። ራስን ማጥፋት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2019 ባወጣው አሃዝ፣ በዓመት ከ100,000 ወንዶች 12.6 ያህሉ፣ ከ100,000 ሴቶች ደግሞ 5.4 ያህሉ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ግን ብዙ ወንድ ሕመሙ ሳይታወቅለት መቅረቱ ነው።

የማይታወቀው ደግሞ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ሐዘንና እንባ ስለሆነ ነው። ወንድ ላይ ድባቴ ብዙ ጊዜ በሌላ መልክ ይመጣል። በጥቂት ነገር ይቆጣል፣ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ መኪና ሲነዳ ይፈጥናል፣ ሥራ ላይ ያመሻል፣ መጠጥ ያበዛል፣ ወገቤን፣ ራሴን፣ ጨጓራዬን ይላል። መኪናውን ደጅ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ግን ወደ ቤት ሳይገባ ግማሽ ሰዓት ስልኩን እየነካካ የሚቀመጥ ሰው «አዝነሃል ወይ?» ቢባል «ኧረ በፍጹም» ይላል። መዋሸቱ አይደለም፤ የሚሰማው ሐዘን ሳይሆን ባዶነት ወይም ብስጭት ነው። ስለዚህ ከስሜቱ ይልቅ ለውጡን መጠየቅ ይሻላል፦ ከ3 ወር በፊት የሚያደርገው፣ አሁን ግን የተወው ምንድን ነው? አሁንስ ያበዛው ምንድን ነው?

2. ተራ ድካም ይሁን ሕመም በምን አውቃለሁ?

በቆይታው፣ በብዛቱና ሥራን ወይም ኑሮን በማወኩ። ሐኪሞች የሚመለከቷቸው ምልክቶች 9 ናቸው፦ የመንፈስ መውደቅ፣ ደስ ይል የነበረ ነገር ደስ አለማለቱ፣ የእንቅልፍ መዛባት (ማጣትም፣ ማብዛትም)፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ የአካል መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ሞትን ማሰብ። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከታዩና ከ5ቱ አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሆነ፣ ድባቴ ሊባል ይችላል። ማረጋገጡ የሐኪም ሥራ ነው።

ቤት ቁጭ ብለው ሊሞሉት የሚችሉት መጠይቅም አለ፤ ፒኤችኪው-9 ይባላል። እነዚሁኑ 9 ምልክቶች እያነሳ ባለፉት 2 ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንደታዩ ይጠይቃል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይያዝለታል፤ ድምሩ ከ27 ነው። ከ5 እስከ 9 ቀላል፣ ከ10 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 19 ከበድ ያለ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ቀጠሮ ይያዝ። ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ ሞትን ለሚያነሳው 9ኛው ጥያቄ ከ0 ሌላ መልስ የሰጠ ሰው በዚያው ቀን ለሰው ይናገር።

አንድ ማሳሰቢያ፦ መጠይቁ ቁጣንና መጠጥን አይጠይቅም። በዚህ የተነሳ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ የሚወጣላቸው ወንዶች አሉ። ከሞሉት በኋላ አብሮዎት የሚኖር ሰው «እውነት ይሄ እኔን ይመስላል?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

3. ደረቴን ይዞኝ ልሞት ነው ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ፤ «ልብህ ደህና ነው» ብለው መለሱኝ። ታዲያ ምን ነበር?

የድንጋጤ ጥቃት ሊሆን ይችላል። ልብ በድንገት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ያልባል፣ «አበቃልኝ» የሚል ፍርሃት ይመጣል። 10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። መጀመሪያ መመርመርዎ ትክክል ነበር። በተለይ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከተሰራጨ፣ ወይም በእንቅስቃሴ ጊዜ ከመጣ፣ ጭንቀት ነው ብሎ ቤት መቀመጥ አደገኛ ነው።

ልብ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚበላሸው ነገር ሽሽቱ ነው። ጥቃቱ አሳንሰር ውስጥ ከያዘው አሳንሰር ይተዋል፤ ቀጥሎ ስብሰባ ይተዋል፤ ዓለሙ እየጠበበ ይሄዳል። በጥቃቱ ጊዜ በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ይህንን ለ5 ደቂቃ መቀጠል፣ ከቦታውም አለመሸሽ። እየተደጋገመ ከመጣ የንግግር ሕክምና በደንብ ይረዳል።

4. ሐኪሙ ዘንድ ገብቼ ምን ብዬ ልጀምር?

ብዙ ወንድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ተናገር፣ አትደብቅ» የሚለው ምክር በየቦታው አለ፤ ምን ብሎ እንደሚናገር ግን የሚያሳየው የለም። ለራስ ምታት ብሎ ይገባል፣ ማስታገሻ ይታዘዝለታል፣ እጀታውን ይዞ ሊወጣ ሲል «እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል» ይላል፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ አልቋል። ስለዚህ የመጨረሻውን መጀመሪያ ይበሉት። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ዶክተር፣ ለ2 ወር ያህል እንደ ድሮዬ አይደለሁም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ተመልሼ አልተኛም። ቤት ውስጥ በትንሹም በትልቁም እቆጣለሁ። ሥራዬ ላይ ስህተት እየበዛ ነው። የአእምሮ ጤናዬን እንዲያዩልኝ ነው የመጣሁት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት፤ ምርመራው አቅጣጫ የሚይዘው በእሷ ነው። አፍ ከከበደ በወረቀት ጽፎ መስጠት ይቻላል፣ ነውር የለውም። ይዘው የሚሄዱት ደግሞ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ በሳምንት ምን ያህል እንደሚጠጡ (ሳይቀንሱ)፣ የሞሉትን መጠይቅ፣ በቤተሰብ ውስጥ ድባቴ፣ የአእምሮ ሕመም ወይም ራስን ማጥፋት ነበረ ወይ የሚለውን ነው።

ጥሩ ሐኪም አካሉንም ያያል፤ ድባቴን የሚመስሉ የአካል ችግሮች አሉና። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ስኳር በደም ምርመራ ይታያሉ። በኃይል የሚያንኮራፋና ቀን የሚያንቀላፋ ሰው እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ምርመራ አለው። የወሲብ ፍላጎት ከጠፋ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ይለካል፤ ደሙ የሚቀዳው ጠዋት ነው፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ቢገኝም ሳይደገም ውሳኔ አይሰጥም። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችም ስሜትን ሊያናጉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሐኪም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው «ዕረፍት ውሰድ» ብቻ ብሎ ቢሸኝዎት ሌላ ሐኪም ይፈልጉ። አንድ መጥፎ ቀጠሮ ስለ ሕክምናው አይናገርም።

5. የሥነ ልቦና ባለሙያና የአእምሮ ሐኪም ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቁጭ ብሎ ማውራትስ ምን ያመጣል?

የአእምሮ ሐኪም (ሳይካትሪስት) ሕክምና የተማረ ነው፣ መድኃኒት ያዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያው በአብዛኛው በንግግር ያክማል። ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ለከባዱ ሁለቱ አንድ ላይ የተሻሉ ናቸው።

«ማውራት ብቻ» የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። በጣም ከተጠኑት የሕክምና ዓይነቶች አንዱ የሆነው፣ ሐሳብና ባሕርይ ላይ የሚያተኩረው የንግግር ሕክምና፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ከ8 እስከ 20 ክፍለ ጊዜ የሚቆይ ሥራ ነው። የቤት ሥራ አለው። ለምሳሌ «አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ» የሚል አንድ ክስተት ይወሰዳል፤ ወዲያው የመጣው ሐሳብ («ሊያባርረኝ ነው»)፣ የተከተለው ስሜት፣ ከዚያ ያደረጉት ነገር ይጻፋል፤ ሐሳቡን የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ስለ ልጅነት ማልቀስ የፈሩ ወንዶች ይህን ሲያዩ ቀለል ይላቸዋል።

የሚነገረው ነገር ምስጢር ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ባለሙያው ዝም ማለት አይችልም። ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። ከ3 ወይም 4 ክፍለ ጊዜ በኋላ ከባለሙያው ጋር ካልተግባቡ ለራሱ ይንገሩት፣ ወይም ይቀይሩ።

6. መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል? ወንድነትንስ ይነካል?

ለሁለቱም መልሱ ዝርዝር ይፈልጋል።

በብዛት የሚታዘዙት ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች (ፍሉኦክሲቲን፣ ሰርትራሊን እና የመሳሰሉት) እንደ መጠጥ «ጨምርልኝ» የሚያሰኝ ሱስ የላቸውም። በድንገት ሲቆሙ ግን ማዞር፣ መበሳጨት፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ይመጣል። ስለዚህ የሚቆሙት በሐኪም ምክር፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሱ ነው። ሱስ የሚያስይዙት እንደ ዳያዜፓም ያሉት ማረጋጊያዎች ናቸው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በላይ ባይወሰዱ ይመረጣል፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ በፍጹም።

ለአዋቂ የተለመደው የፍሉኦክሲቲን መነሻ በቀን 20 ሚሊግራም፣ የሰርትራሊን 50 ሚሊግራም ነው። የሚያስቸግረው የጎንዮሽ ጉዳቱ አስቀድሞ መምጣቱ፣ ጥቅሙ ደግሞ መዘግየቱ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና መቁነጥነጥ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ይቀላሉ። መሻሉ የሚጀምረው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ላይ ነው፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው 10ኛው ቀን ላይ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው በዚህ መሐል ነው። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታባቸው ስለሚችል ቅርብ ክትትል ይፈልጋሉ።

ወሲብን በተመለከተ፦ አዎ፣ ፍላጎት ሊቀንስ፣ ዘር መፍሰስ ሊዘገይ፣ አንዳንዴም ብልት አልቆም ሊል ይችላል። ድባቴው ራሱም ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ሁኔታው ምን ይመስል እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ኋላ ለማነጻጸር ይጠቅማል። ከተከሰተ በዝምታ ማቆም መፍትሔ አይደለም። መጠኑን መቀነስ፣ ይህ ችግር ወደሚያንስባቸው እንደ ሚርታዛፒን ወይም ቡፕሮፒዮን ያሉ መድኃኒቶች መቀየር፣ ወይም ለብልት መቆም የሚረዳ መድኃኒት መጨመር ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን ለልብ ሕመም ከሚወሰደው ናይትሬት ከተባለ መድኃኒት ጋር ማጣመር ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከሐኪም ውጭ አይሆንም።

ከተሻለዎት በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል። አንድ ነገር ደግሞ አይደብቁ፦ ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት የተትረፈረፈበት፣ ገንዘብ የተረጨበት፣ ሐሳብ የሮጠበት ጊዜ ካለፈብዎ ይናገሩ። ያ የባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም፣ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ፀረ ድባቴ ብቻውን ሲሰጥ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል።

7. የምጠጣው ለመተኛት ነው። ምን ችግር አለው?

መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይበጣጥሰዋል። ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ልብ እየመታ መንቃት፣ ጠዋት ድብርትና ጭንቀት፣ ማታ እንደገና ለማስታገስ መጠጣት፤ ዑደቱ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የተባለ 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ጎጂ እየሆነ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሙሉ በሙሉ በመተው ብቻ ስሜታቸው በግልጽ የሚነሳ ሰዎች አሉ።

ጥንቃቄ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በአንዴ አያቁም። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የሚጥል መናድ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ደግሞ መቃዠትና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይገድላልም። በሐኪም ክትትል፣ በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ድጋፍ ነው የሚቆመው። «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ አቁም» የሚሉ ሰዎች ይህን አያውቁም።

8. ቀጠሮዬ እስኪደርስ በራሴ ምን ላድርግ?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። በእንቅልፍ ጉዳይ ይጀምሩ። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መንቃት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ከመተኛት ይበልጣል። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመው እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋ ወርደው በደብዛዛ ብርሃን ቁጭ ይበሉ፣ ሲመጣ ይመለሱ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ምሽት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥዎ ነው።

ቀጥሎ እንቅስቃሴ፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ድባቴ «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ያሰኛል፤ የሚሠራው ግን ተገላቢጦሹ ነው፣ ስሜት ድርጊትን ይከተላል። ለአንድ ሳምንት ያደረጉትንና በዚያ ሰዓት የነበረውን ስሜት ከ0 እስከ 10 ይጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከፍ ያሉትን ሁለት ነገሮች ቀንና ሰዓት ቆርጠው ያስገቡ። መጠኑ ያንስ፦ «ስፖርት እጀምራለሁ» አይበሉ፣ «ማክሰኞ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ 15 ደቂቃ እራመዳለሁ» ይበሉ። ሥራ መልቀቅ፣ ፍቺ፣ ቤት መሸጥ የመሳሰሉት ትልልቅ ውሳኔዎች ከተቻለ ይቆዩ።

9. «ራሴን ባጠፋ» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ወይም ከቅርቤ ያለ ሰው እንዲህ ብሏል።

ለራስዎ ከሆነ፦ አሁን ለአንድ ሰው ይደውሉ፣ «ራሴን ላጠፋ እያሰብኩ ነው፣ ብቻዬን አትተወኝ» ይበሉ። በዚህ ቃል፣ ሳይሸፋፍኑ። ሰው ከሌለ ወደ አካባቢዎ የድንገተኛ ጊዜ ቁጥር ይደውሉ፣ ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለመጉዳት ሊጠቀሙበት ካሰቡት ነገር ይራቁ፤ ቤት ውስጥ ከሆነ እርስዎ ከቤት ይውጡ። እጅግ የበረታው ሰዓት እንደ ማዕበል ነው፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ይወርዳል። መጠጥ በዚህ ሰዓት አይቅመሱ።

ለሌላ ሰው ከሆነ፦ በቀጥታ ይጠይቁ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ማለት ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙዎች በመጠየቃቸው እፎይ ይላሉ። አዎ ካለ እንዴት፣ መቼ፣ የሚጠቀምበትስ ነገር በእጁ አለ ወይ ብለው ይቀጥሉ። ዕቅዱና መሣሪያው ካለው ብቻውን አይተዉት፤ መሣሪያን፣ የተከማቸ መድኃኒትንና የተባይ መርዝን ከአጠገቡ ያርቁ፤ አብረውት ወደ ሕክምና ይሂዱ። «ለማንም አትንገር» ቢልዎ ቃል አይግቡ። ዕቃውን ለሰው ማደል፣ ይቅርታ መጠየቅና መሰናበት፣ ከረጅም ጭንቀት በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ እርጋታ፣ እነዚህ ሁሉ የሚያስጠይቁ ምልክቶች ናቸው።

10. ባለቤቴ «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ጓደኛዬም እንደዚያው። እንዴት ልጠይቅ?

ፊት ለፊት ተቀምጦ «ቁጭ በል እንነጋገር» ማለት ብዙ ወንድን ይዘጋዋል። ጎን ለጎን ሆነው፣ እየተራመዱ፣ መኪና ውስጥ፣ እጅ የሆነ ሥራ ይዞ ሲሆን ይቀላል። ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «ሦስት ሳምንት ሆነህ ኳስ ሳትመጣ። ስትመጣም ዝም ትላለህ። ምን ሆነህ ነው?» ምርመራ አይስጡት፤ «ድባቴ ይዞሃል» ከተባለ ይከራከራል።

«ደህና ነኝ» ካለ ጥቂት ቆይተው አንዴ ይድገሙት፦ «እውነት ደህና ነህ?» ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚወጣው በሁለተኛው ነው። ከዚያ ዝምታውን ይቻሉት። «አይዞህ፣ ያልፋል፣ ከአንተ የባሰ አለ» የሚባለው በቅንነት ነው፤ በሰሚው ጆሮ ግን «በቃህ፣ ዝም በል» ይሆናል። መጨረሻ ላይ አንድ ተጨባጭ ነገር ይያዙ፦ «ሐሙስ ቀጠሮ ልያዝልህ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።» ሐሙስ ሲደርስ ይሂዱ።

ሚስት ከሆኑ አንድ ነገር ይጨመር፦ ሕመም ቁጣን ያብራራል፣ ዱላን ግን አይፈቅድም። የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ ከእሱ ሕክምና በፊት የእርስዎና የልጆችዎ ደኅንነት ይቀድማል።

11. ልጅ ከተወለደ በኋላ አባትም ድባቴ ይይዘዋል?

ይይዘዋል። ከ10 አዲስ አባቶች አንዱን ገደማ ይነካል፤ ሕፃኑ ከ3 እስከ 6 ወር ሲሆነው ይበልጥ ይታያል፣ እናቲቱ ከያዛት ደግሞ እሱንም የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ከሕፃኑ መሸሽ፣ ቢሮ ማምሸትና ብስጭት ዋነኞቹ መልኮቹ ናቸው። ሌሊቱን መከፋፈል፣ ማለትም አንዱ 5 ሰዓት ያህል ሳይቆራረጥ ሲተኛ ሌላው መንቃት፣ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

12. ለአለቃዬ መናገር አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ የለብዎትም። ፈቃድ ካስፈለገ ብዙውን ጊዜ የሐኪም ወረቀት ይበቃል። መናገር ከፈለጉ የሚፈልጉትን ይዘው ይግቡ፦ «ለ8 ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት ሕክምና አለኝ፣ ሰዓቱን በሌላ ቀን አካክሳለሁ» ማለት «አልተመቸኝም» ከማለት ይሻላል።

13. ተሽሎኛል። ተመልሶ ይመጣ ይሆን?

አንድ ጊዜ ድባቴ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሌላ ጊዜ ይጎበኛል። ሁለተኛው ግን ቀድሞ ሊያዝ ይችላል፤ አመጣጡ ይታወቃልና። ደህና በሆኑበት ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ የመጀመሪያዎቹን 3 ምልክቶችዎን ይጻፉ፤ የእርስዎ የሆኑትን ብቻ፣ ለምሳሌ «ስልክ ማንሳት አቆማለሁ፣ ጢሜን አልላጭም፣ ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ»። ከሥሩ የሐኪሙን ስልክ ያስፍሩ። አንዱን ኮፒ ለሚያምኑት ሰው ይስጡና ከ3ቱ 2ቱን ለአንድ ሳምንት ካየ እርስዎን ሳይጠይቅ ቀጠሮ እንዲይዝ ፈቃድ ይስጡት፤ ያን ጊዜ «ምንም አልሆንኩም» ማለትዎ አይቀርም።